ከቤት የመውጣት ሰሞን፦ በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን መለየትና በደኅንነት መለያየት

መግቢያ

በትዳር ውስጥ ስለሚፈጸም ጥቃት ሲወራ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን ትታው አትሄድም?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት የተሳሳቱ ግምቶችን ያዘለ ነው። አንደኛው ግምት መለያየት በአንድ ቀን ውሳኔ የሚያልቅ ጉዳይ ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሴቲቱ ከቤት እንደ ወጣች አደጋው ያበቃል የሚል ነው። በዘርፉ የተካሄዱ ጥናቶች የሚያሳዩት ከዚህ የተለየ ነው። መለያየት ረጅም ሂደት ነው፤ ከሂደቱም ውስጥ ለሕይወት ይበልጥ አስጊ የሚሆነው ሴቲቱ ለመውጣት የቆረጠችበትና የወጣችበት ሰሞን ነው።

ይህ ጽሑፍ ሦስት ነጥቦችን ያብራራል፦ ጥቃትን ከተራ የባልና የሚስት አለመግባባት የሚለየው ምን እንደ ሆነ፣ በመለያየት ጊዜ አደጋው የሚጨምርበትን ምክንያት፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ ሕግና ልማድ በዚያ ወቅት የሚሰጡትን ከለላና የሚተዉትን ክፍተት። ጥቃት በወንዶችም ላይ ሊፈጸም ይችላል። ሆኖም በአገራችን ያለው መረጃ በአብዛኛው የተሰበሰበው ከሴቶች በመሆኑ የጽሑፉ ትኩረት በእነርሱ ላይ ነው።

የችግሩ ስፋት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ያደረገው የ10 አገሮች ጥናት ኢትዮጵያን የወከለው በቡታጅራና በአካባቢው በተሰበሰበ መረጃ ነበር። በዚያ ጥናት የትዳር ወይም የፍቅር አጋር ኖሯቸው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል 71 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ከአጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ወይም ሁለቱም እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። ከመጠይቁ በፊት በነበሩት 12 ወራት ውስጥ ብቻ ጥቃት የደረሰባቸው 54 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ ከተካሄደባቸው ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው አኃዝ ይህ ነበር።

እ.ኤ.አ. የ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ጉዳዩን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ መጠይቅ አካትቷል። በዚህም መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነና አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶ የሚሆኑት ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። በሁለቱ ጥናቶች መካከል ያለው ሰፊ ልዩነት ከቦታና ከጊዜ ባሻገር ከመጠይቁ ጥልቀትና ከጠያቂዎቹ ልዩ ሥልጠና ጋር ሊያያዝ ይችላል። ስለ ገመና የሚጠየቅ ሰው መልሱን የሚሰጠው ለጠያቂው ባለው እምነት መጠን ነውና።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅሙት ግን ሌሎች ሁለት አኃዞች ናቸው። በ2016ቱ ጥናት አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እርዳታ አልፈለጉም፤ ለማንም አልተናገሩም። በሌላ በኩል ባል ሚስቱን መምታቱ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ብለው የሚያምኑ ሴቶች 63 በመቶ ሲሆኑ፣ ወንዶቹ 28 በመቶ ነበሩ። የሴቶቹ አኃዝ እ.ኤ.አ. በ2005 ከነበረበት 81 በመቶ መውረዱ ለውጥ መኖሩን ያመለክታል። ያም ሆኖ ጥቃትን እንደ ጥቃት መለየት ለተጠቂዋም ቢሆን ቀላል እንዳልሆነ ከእነዚህ አኃዞች መረዳት ይቻላል።

ጥቃትን ከጠብ መለየት

የመጀመሪያው መሰናክል ቋንቋው ራሱ ነው። ባል ሚስቱን ደብድቦ ጎረቤት ሲሰማ፣ በማግሥቱ የሚነገረው «ተጣሉ» ተብሎ ነው። «ተጣሉ» የሚለው ግስ ድርጊቱን ለሁለቱም እኩል ያካፍላል፤ መቺና ተመቺ በአንድ ቃል ውስጥ ይጠፋሉ። «ቀጣት» የሚለው አነጋገር ደግሞ ከዚህ አልፎ ለመቺው የዳኝነት ሥልጣን ይሰጣል፤ የሚቀጣ ሰው ጥፋት ያገኘ ሰው ነውና። ስለዚህ ተጠቂዋ ወደ ሽማግሌ፣ ወደ ነፍስ አባት ወይም ወደ ፖሊስ ስትሄድ ጉዳይዋ ገና ሳይሰማ በቃላቱ አማካይነት ተዳኝቶ ይጠብቃታል።

ተመራማሪዎች ይህን ብዥታ ለማጥራት የተለያዩ መንገዶችን ሞክረዋል። ሌኖር ዎከር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመችው መጽሐፍ ጥቃት በዑደት እንደሚመላለስ ገልጻለች፦ ውጥረት ይከማቻል፣ ጥቃት ይፈነዳል፣ ከዚያም ይቅርታና ፍቅር የተሞላበት ጊዜ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ በዱሉት ከተማ የተዘጋጀው «የሥልጣንና የቁጥጥር መንኰራኩር» ከተጠቂ ሴቶች ጋር በተደረገ ውይይት የተገኘ ነው፤ በመንኰራኩሩ መሐል ድብደባው ሳይሆን ቁጥጥሩ ይገኛል። ማይክል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1995 በአንድ ክርክር ግለት ከሚነሣ ግጭት ተነጥሎ መታየት ያለበትን፣ አንዱ ወገን ሌላውን ለመግዛት ሲል የሚያዘወትረውን ጥቃት ለይቶ አሳየ። ኢቫን ስታርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ይህን የሁለተኛውን ዓይነት «አስገዳጅ ቁጥጥር» በሚል ስያሜ ተነተነው።

ከእነዚህ ሥራዎች የሚወጣው ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ መለኪያው የዱላው ብዛት ሳይሆን የአኗኗሩ ሥርዓት ነው። ባልና ሚስት በአንድ ጉዳይ ተከራክረው ድምፃቸውን ከፍ ቢያደርጉ፣ በማግሥቱ ሁለቱም ሐሳባቸውን ያለ ሥጋት መናገር ከቻሉ ጉዳዩ ጠብ ነው። ሴቲቱ ግን ቃሏን አስቀድማ የምትመዝነው፣ የምትለብሰውን የምትመርጠው፣ ከገበያ የምትመለስበትን ሰዓት የምትቆጥረው ባሏን በመፍራት ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። የበሩ ድምፅ ሲሰማ የቤቱ ሰው ሁሉ ጸጥ የሚል ከሆነ፣ በዚያ ቤት አንድም ቀን ዱላ ባይነሣ እንኳ ሥርዓቱ የቁጥጥር ሥርዓት ነው።

የቁጥጥሩ ምልክቶች በአገራችን በየዕለቱ ከሚታዩ ነገሮች የራቁ አይደሉም። ከእናቷና ከእኅቶቿ ጋር እንዳትገናኝ ቀስ በቀስ መከልከል፣ ስልኳን መፈተሽ፣ ደመወዟን ወይም የባንክ ካርዷን መያዝ፣ ሥራ እንዳትሠራ ወይም ትምህርቷን እንድታቋርጥ ማድረግ፣ መታወቂያዋን መደበቅ፣ በልጆች ፊት ማዋረድ፣ «ልጆቹን አታገኚያቸውም» ብሎ ማስፈራራት፣ «ከሄድሽ ራሴን አጠፋለሁ» ማለት ጥቂቶቹ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በመጀመሪያ እንደ ፍቅርና እንደ ቅናት ስለሚታዩ ይታለፋሉ። መጠጥም ሰበብ ይሆናል። ነገር ግን ሰክሮ የሚመታ ሰው በመንገዱ ያገኘውን አለቃውን ወይም ፖሊሱን ሳይነካ ቤቱ ድረስ መጥቶ ሚስቱን ብቻ የሚመታ ከሆነ፣ ስካሩ ምርጫውን አላጠፋበትም ማለት ነው።

በመለያየት ጊዜ አደጋው ለምን ይጨምራል?

የጥቃቱ ዓላማ ቁጥጥር ከሆነ፣ መለያየት የቁጥጥሩ ማክተሚያ ነው። ተቆጣጣሪው ይህን ሲረዳ ከዚያ በፊት ያልተጠቀመባቸውን መንገዶች ሊጠቀም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመውና በ11 የአሜሪካ ከተሞች የተካሄደው የጃክሊን ካምቤል እና የባልደረቦቿ ጥናት በአጋራቸው የተገደሉ ሴቶችን ሁኔታ ጥቃት ደርሶባቸው በሕይወት ካሉ ሴቶች ሁኔታ ጋር አነጻጽሯል። እጅግ ተቆጣጣሪ ከሆነ ሰው ጋር አብራ ኖራ የተለየች ሴት የመገደል አደጋዋ በ9 እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ተመሳሳይ የጥናት መረጃን መሠረት ያደረገና እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ቀደም ሲል አንገቷን ታንቃ የምታውቅ ሴት በኋላ በዚያው ሰው የመገደል ዕድሏ ከ7 እጥፍ በላይ እንደሚጨምር አመልክቷል።

አኃዞቹ ከአሜሪካ የተገኙ በመሆናቸው እንዳሉ ወደ ኢትዮጵያ ሊተላለፉ አይችሉም፤ በተለይ የጦር መሣሪያ ሥርጭቱና የቤተሰብ አወቃቀሩ ይለያያል። የአደጋ ምልክቶቹ ዓይነት ግን ለማንኛውም አማካሪ፣ ሐኪም ወይም ሽማግሌ ጠቃሚ ነው። ከእነዚህም መካከል አንገት ማነቅ፣ «እገድልሻለሁ» ብሎ መዛት፣ በቤት ውስጥ ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ መኖሩ፣ በስለት ማስፈራራት፣ በእርግዝና ጊዜ መምታት፣ በግድ ወሲብ መፈጸም፣ የማያቋርጥ ክትትልና ቅናት፣ እንዲሁም ጥቃቱ በቅርብ ጊዜ እየከረረ መምጣቱ ይገኛሉ። አንገት መታነቅ ብዙ ጊዜ በቆዳ ላይ ምልክት አይተውም። ድምፅ መሻከር፣ መዋጥ መቸገር፣ ራስን መሳት ወይም የትንፋሽ እጥረት ከታየ ግን ጉዳቱ ዘግይቶ ሊገድል ስለሚችል በአስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ከምልክቶቹ ሁሉ ጋር የተጠቂዋ የራሷ ግምት መደመጥ አለበት። «ይገድለኛል» ያለች ሴት ሰውየውን ከማንም ይልቅ ታውቀዋለችና ቃሏ እንደ ማጋነን መታየት የለበትም። በአንጻሩ ተጠቂዎች አደጋውን አሳንሰው የሚገምቱበት ጊዜም ስላለ፣ «አያደርገውም» የሚለው መልስ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ኩርፊያና ሽምግልና

በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ጥቃት የበዛባት ሚስት የምታውቀው የመውጫ መንገድ አኩርፎ ወደ ወላጆቿ ቤት መሄድ ነው። ኩርፊያ ፍቺ አይደለም፤ ዕርቅ የሚጠብቅ ጊዜያዊ መለያየት ነው። ባል ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎች ሁለቱን ሰምተው ጥፋተኛውን ይገሥጻሉ፣ ካሳ ያስክሳሉ፣ ሴቲቱን ይመልሳሉ። ልማዱ ለተራ ጠብ ዋጋው ከፍተኛ ነው፤ ፍርድ ቤት በሌለበት አካባቢም ለሴቲቱ የሚሰማት ጉባኤ ይሰጣታል።

ችግሩ የሚመጣው ይኸው መንገድ ለቁጥጥር ሥርዓት ሲውል ነው። ሽምግልና ሁለቱ ወገኖች እኩል የመናገር ነጻነት እንዳላቸው ይገምታል። የምትፈራ ሴት ግን በባሏ ፊት የደረሰባትን ሁሉ አትናገርም፤ ብትናገርም ማታ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች። ሽማግሌዎች «ሆደ ሰፊ ሁኚ»፣ «ለልጆችሽ ስትዪ ቻዪው» ሲሉ ለትዳሩ አስበው ነው። ያ ምክር ግን ለእርሷ የመውጫው በር መዘጋቱን፣ ለባሏ ደግሞ ድርጊቱ ዋጋ እንደማያስከፍለው ይነግራቸዋል። የወላጆቿ ቤትም ባሏ መጀመሪያ የሚፈልጋት ቦታ መሆኑ መረሳት የለበትም።

ይህ ሲባል ሽማግሌዎች ከጉዳዩ ይውጡ ማለት አይደለም። ባልና ሚስቱን ለየብቻ መስማት፣ ከላይ የተዘረዘሩትን የአደጋ ምልክቶች መጠየቅ፣ ምልክቶቹ ባሉበት ጉዳይ ዕርቅን አለማስገደድ፣ ሴቲቱ ያረፈችበትን ቦታ ለባል አለመናገር፣ ሰውየው እንዳይደርስባት በዋስ ማሰር ከሽምግልና ሥርዓት ጋር የማይጋጩ፣ ሽማግሌዎች በእጃቸው ባለው ሥልጣን ሊፈጽሟቸው የሚችሉ እርምጃዎች ናቸው።

ሕጉ የሚሰጠውና የሚተወው

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ አንቀጽ 35 ደግሞ በሴቶች ላይ አካላዊ ወይም አእምሯዊ ጉዳት የሚያደርሱ ሕጎችን፣ ልማዶችንና ድርጊቶችን ይከለክላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃት በአካል ጉዳት ድንጋጌዎች መሠረት እንደሚያስቀጣ በግልጽ አስፍሯል፤ የአእምሮ ጤና ጉዳትም በዚሁ ይካተታል። ስለዚህ «የቤት ጉዳይ ነው» የሚለው መልስ የሕግ ድጋፍ የለውም። በሌላ በኩል አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም ከጋብቻ ውጪ የሚፈጸመውን ብቻ በመጥቀሱ፣ በትዳር ውስጥ የሚፈጸመው አስገድዶ መድፈር በዚያ አንቀጽ አይሸፈንም። በግል አቤቱታ ለሚቀርቡ ወንጀሎች አቤቱታው መቅረብ ያለበት በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ መሆኑም ለተጠቂዎች ሊነገር ይገባል፤ ለሽምግልና ሲባል የሚጠበቀው ጊዜ ይህን ገደብ ሊያሳልፈው ይችላልና።

የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለቤተሰብ ሽማግሌዎች ተሰጥቶ የነበረውን የፍቺ ውሳኔ ወደ ፍርድ ቤት መልሷል። አንዲት ሴት ፍቺ ለመጠየቅ የባሏን ፈቃድ አያስፈልጋትም፤ ጥቃቱን በማስረጃ ካላረጋገጠች ፍቺ አይሰጣትም የሚል ድንጋጌም የለም። በባል ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደ ሆነ ይገመታል። አዲስ አበባና ድሬዳዋ በዚህ ሕግ ሲተዳደሩ ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው።

ክፍተቱ የሚታየው በሂደቱ ውስጥ ነው። ማመልከቻ ሲቀርብለት ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱ ሐሳባቸውን እንዲለውጡ ያግባባል፣ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ ሊያዝ ይችላል፣ ይህ ካልተሳካም ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። በዚህ መሐል ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ስለ ንብረት አስተዳደር ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። ነገር ግን ሰውየው ወደ ሴቲቱ መሥሪያ ቤት፣ ወደ ተጠለለችበት ቤት ወይም ወደ ልጆቹ ትምህርት ቤት እንዳይቀርብ የሚከለክልና በተጣሰ ጊዜ ወዲያው የሚያስይዝ የጥበቃ ትእዛዝ ሥርዓት በቤተሰብ ሕጉም ሆነ በወንጀል ሕጉ አልተዘረጋም። ለማሰላሰል የተሰጠው ጊዜና ጥናቶች እጅግ አስጊ የሚሉት ሰሞን በአንድ ላይ ይውላሉ። ለማስታረቅ የታሰበው ወር ለአንዳንድ ሴቶች ያለ ጠባቂ የሚታለፍ ወር ይሆናል።

የደኅንነት ዕቅድ

ሕጉ በማይደርስበት ቦታ ክፍተቱን በከፊል የሚሞላው የደኅንነት ዕቅድ ነው። ዕቅዱ ሴቲቱ የምትወስነው እንጂ ሌላ ሰው የሚጭንባት አይደለም፤ ለመውጣት ላልወሰነችም ይጠቅማል።

ገና በቤት ውስጥ ሳለች የመጀመሪያው ሥራ አንድ የምታምነው ሰው ማግኘትና ከዚያ ሰው ጋር ለችግር ጊዜ የሚሆን ምልክት ወይም ቃል መስማማት ነው። ጠብ ሲነሣ ስለት ካለበት ወጥ ቤትና መሣሪያ ከተቀመጠበት ክፍል መራቅ፣ ወደ መውጫ በር መጠጋት፣ ልጆች በመሐል ገብተው ከመገላገል ይልቅ ወደ ጎረቤት እንዲሮጡ ማስተማር ሕይወት ያድናል። ጉዳት ሲደርስ ሕክምና ማግኘትና የሕክምና ማስረጃውን ከቤት ውጪ ማስቀመጥ በኋላ ለሚመጣው ክርክር መሠረት ይሆናል።

ለመውጣት ስትዘጋጅ የመታወቂያ፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀቶች፣ የባንክ ደብተር፣ የቤት ካርታ ወይም የመሬት ይዞታ ደብተር ቅጂ በታመነ ሰው ዘንድ ቢቀመጥ ይመረጣል። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብረው ስለሚሰፍሩ ለገጠር ሴት ይህ ሰነድ ከፍተኛ ዋጋ አለው። በእቁብ ወይም በሌላ መንገድ ጥቂት በጥቂት የሚጠራቀም ገንዘብ ለትራንስፖርትና ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበቃል። ስልክ ሊፈተሽ ስለሚችል ስለ ዕቅዱ በሌላ ሰው ስልክ መነጋገር ይሻላል።

የመውጫው ቀን አስቀድሞ ለባል አይነገርም። «መጨረሻ አንድ ጊዜ እንነጋገር» የሚል ጥሪም ብቻ ለብቻ መቀበል አደገኛ ነው። ሰውየው ሥራ የሚሆንበት ሰዓት ወይም በገጠር የገበያ ቀን የተለመደ መውጫ ስለሆነ ጥርጣሬ አያስነሣም። የሚቻል ከሆነ ልጆችን ይዞ መውጣት ይመከራል፤ ጥሎ መውጣት በኋላ እነርሱን ለመመለስ ወደ አደጋው መልሶ ይጠራልና። ከወጣች በኋላ የምትሄድበትን መንገድና ሰዓት መለወጥ፣ ለአሠሪዋና ለልጆቹ ትምህርት ቤት ማሳወቅ፣ ልጆች ከአባታቸው ጋር የሚገናኙት ሌላ ሰው ባለበት ቦታ እንዲሆን ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተቋቋመው የአንድ መስኮት አገልግሎት ማዕከል ሕክምናን፣ የሥነ ልቡና ድጋፍን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ቦታ አገናኝቷል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ምክር ሲሰጥ፣ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር የመጠለያ አገልግሎት ይሰጣል። ከከተሞች ውጪ ግን የመጀመሪያዋ ተቋም ብዙ ጊዜ ጤና ኬላ፣ የመጀመሪያዋ ባለሙያም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት።

ለባለሙያዎችና ለተመራማሪዎች

ተጠቂ የሚያጋጥመው ባለሙያ ከሚፈጽማቸው ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ባልን ጠርቶ «ሚስትህ እንዲህ ብላለች» ማለት ነው። ሴቲቱን ለብቻዋ ማነጋገር፣ ሳይፈርዱ ማዳመጥ፣ የደረሰባት በእርሷ ጥፋት እንዳልሆነ መንገር፣ የዛሬውን አደጋ መመዘን፣ ከዚያም ወደ አገልግሎት ማገናኘት የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ባለሙያዎች የሚመክረው ቅደም ተከተል ነው።

በዘርፉ ጥናት የሚሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪም ከዚህ ኀላፊነት ውጪ አይደለም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የሥነ ምግባር መመሪያ ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ እንድትጠየቅ፣ ጥናቱ በማኅበረሰቡ ዘንድ በጥቅል የጤና ጥናትነት እንዲተዋወቅ፣ ሰው ሲገባ መጠይቁ ወደ ሌላ ርእስ እንዲዞር ወይም እንዲቋረጥ ያዛል። ባል በጓዳ ሆኖ የሚሰማው መጠይቅ የተሳሳተ መረጃ ከመስጠቱም በላይ ተጠያቂዋን ማታ ለዱላ ይዳርጋታል። የድጋፍ ተቋማትን ዝርዝር ሳይዙ ወደ መስክ መውጣትም ቁስልን ከፍቶ ጥሎ መሄድ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ትንተና ወደ ሦስት ተግባራዊ ነጥቦች ያመራል። በመጀመሪያ፣ በፍቺ ማመልከቻ ላይ የአደጋ ምልክቶች ሲታዩ ዕርቅና የማሰላሰያ ጊዜ ሕጉ ለፍርድ ቤቱ የተዋቸው ምርጫዎች በመሆናቸው በጥንቃቄ ሊመዘኑ ይገባል። ሁለተኛ፣ ፍርድ ቤቶች በአጭር ጊዜ የሚሰጡትና ፖሊስ የሚያስፈጽመው የጥበቃ ትእዛዝ ሥርዓት በሕግ መዘርጋት አለበት። ሦስተኛ፣ በኢትዮጵያ በመለያየት ጊዜ የሚደርሰውን አደጋ ከፖሊስ፣ ከፍርድ ቤትና ከሆስፒታል መዛግብት በመነሣት የሚመረምር ጥናት ያስፈልጋል። «ለምን ትታው አትሄድም?» ለሚለው ጥያቄ የሚመጥን መልስ የሚገኘው፣ ብትሄድ ማን ይጠብቃታል የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ ሲመለስ ነው።